ከካምፓላ ወደ ቱር ዱ ሩዋንዳ፦ በአስጎብኚ የሚመራ የብስክሌት ጉዞ አመራረጥ

ካምፓላ ለሚኖር ብስክሌት ወዳድ ትልቅ የፕሮፌሽናል ውድድር ሩቅ አይደለም፤ የአንድ ሌሊት አውቶቡስ ነው። ቱር ዱ ሩዋንዳ በአብዛኛው በየካቲት አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በፌብሩዋሪ መጨረሻ ይካሄዳል። ከአውሮፓ የሚመጡ ቡድኖችም የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆችም ይሰለፉበታል። ኤርትራውያኑ መርሃዊ ቁዱስ በ2019፣ ናትናኤል ተስፋጽዮን በ2020 እና በ2022፣ ሄኖክ ሙሉብርሃን በ2023 አሸንፈውበታል (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። የዓለም ሻምፒዮና በሴፕቴምበር 2025 ኪጋሊ ላይ ከተካሄደ ወዲህ ደግሞ «ብስክሌትም እየነዱ ውድድሩንም እያዩ» የሚል ጉዞ የሚሸጡ አስጎብኚዎች ማስታወቂያ በየስልኩ ይመጣል።

አብዛኛው ሰው ከእነዚህ ጉዞዎች አንዱን የሚመርጠው በዋጋውና በሆቴሉ ፎቶ ነው። የተዘበራረቀ ሳምንት የሚያሳልፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ውድድሩን ከመንገድ ዳር ቆሞ ማየት በነጻ ነው፤ ትኬት የለውም። ገንዘብ የሚከፍሉት በሚዘጋ መንገድ መካከል በትክክለኛው ሰዓት ትክክለኛው ቦታ ላይ ለሚያደርስዎ ሰው ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በዚህ ዓይን ያንብቡ።

1. ለማየት ነው ወይስ ለመንዳት?

በገበያ ላይ ያሉት ጉዞዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በመኪና እየዞሩ ማየት ብቻ ነው። ሁለተኛው ጠዋት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ነድቶ ዳገት ላይ ቆሞ ውድድሩን መጠበቅ ነው። ሦስተኛው የዕለቱን ውድድር መንገድ ራሱን፣ ቀድሞ ወይም በማግሥቱ፣ መንዳት ነው።

ፍላጎትዎ አንድ ሁለት ቀን ማየት ብቻ ከሆነ አስጎብኚ መቅጠር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። በአውቶቡስ ኪጋሊ ይግቡ፣ መጠነኛ እንግዳ ማረፊያ ይያዙ፣ ውድድሩ ከተማ ውስጥ በሚሆንበት ቀን ኪሚሁሩራ ላይ ወዳለው የኮብልስቶን ዳገት በእግርዎ ይሂዱ። በዓለም ሻምፒዮናው ዙር ውስጥ የነበረው ይህ ዳገት 1.3 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ተዳፋትነቱ በአማካይ 6.3 በመቶ ነው። ብስክሌተኞቹ ፍጥነታቸው ስለሚቀንስ ፊታቸውን ለይቶ ማየት ይቻላል። ሜዳ ላይ ግን ጠቅላላው ቡድን በሰከንዶች ውስጥ ሽው ብሎ ያልፋል፤ ስልክዎን ከኪስዎ ሳያወጡ ያልቃል።

የእኔ ምርጫ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ሦስተኛው ለሠለጠነ እግር ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እናያለን።

2. እግርዎን በዳገት ይመዝኑ

ማስታወቂያው «በቀን 70 ኪሎ ሜትር» ሲል ከካምፓላ እንቴቤ ደርሶ መልስ ማለት ነው ብለው አያስቡ። ሩዋንዳ የሺህ ኮረብታዎች አገር የተባለችው ያለ ነገር አይደለም። በሻምፒዮናው የወንዶች ዋና ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ 5,475 ሜትር ዳገት ነበረ፤ ታዴይ ፖጋቻር ሲያሸንፍ እስከ መጨረሻው የደረሱት 30 ብስክሌተኞች ብቻ ናቸው። በዚያው መንገድ ላይ የነበረው የኪጋሊ ተራራ ዳገት 5.9 ኪሎ ሜትር ርዝመትና በአማካይ 6.9 በመቶ ተዳፋትነት አለው። «የኪጋሊ ግንብ» የሚሉት ደግሞ 400 ሜትር ብቻ ቢሆንም 11 በመቶ ነው።

ስለዚህ አስጎብኚውን ስለ ኪሎ ሜትር ሳይሆን «በየቀኑ ስንት ሜትር ዳገት እንወጣለን?» ብለው ይጠይቁ። ቁጥሩን የማያውቅ ሰው መንገዱን ራሱ ነድቶት አያውቅም፤ እሱን ትተው ወደ ሌላው ይሂዱ።

ከዚያ ራስዎን ይፈትኑ። ካምፓላ ኮረብታ አላጣችም። ቅዳሜና እሑድ በተከታታይ፣ ቦዳ ቦዳው ሳይበዛ በማለዳ ተነሥተው በየቀኑ 800 ሜትር ያህል ዳገት እስኪሞላ ድረስ ይንዱ። እሑድ ጠዋት ከአልጋዎ ሲነሡ ጉልበትዎ እሺ ካለ ለመካከለኛ ጉዞ ብቁ ነዎት። እንቢ ካለ ወይ ሁለት ወር ይለማመዱ፣ ወይ ደጋፊ መኪናው በማንኛውም ሰዓት የሚያሳፍርዎትን ጉዞ ይምረጡ። የሚታየው ስሕተት የአንድ ቀን ጥንካሬን እንደ ሳምንት ጥንካሬ መቁጠር ነው። ሁለተኛው ስሕተት ከፍታን መናቅ ነው፤ ካምፓላ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ግድም ናት፣ ኪጋሊ ከ1,500 ትበልጣለች፣ ሙሳንዜ የተባለችው የሩዋንዳ ከተማ ደግሞ 1,850 ያህል ናት። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ይህቺ ምን አላት» ይል ይሆናል፤ ካምፓላ ዓመታት ከኖሩ ግን ያ ከፍታ የለመደ ሳንባ አብሮዎት የለም።

3. የየቀኑን ዕቅድ በጽሑፍ ያስመጡ

ዋናው ደረጃ ይህ ነው። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የእያንዳንዱ ቀን ዕቅድ በሰዓትና በቦታ ተጽፎ ይድረስዎ። «ጠዋት ብስክሌት መንዳት፣ ከሰዓት ውድድሩን መመልከት» የሚል ወረቀት ዕቅድ አይባልም። በጥሩ ዕቅድ ላይ ከሆቴል መነሻ ሰዓት፣ የሚነዳው መንገድ፣ መንገዱ በፖሊስ የሚዘጋበት ግምታዊ ሰዓት፣ የሚቆሙበት ዳገት፣ መኪናው የሚጠብቅበት ቦታና መንገዱ ሲከፈት መመለሻው በየትኛው በኩል እንደሆነ ተለይቶ ይጻፋል።

ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው በሩዋንዳ ከተማን ከከተማ የሚያገናኝ አስፋልት በብዙ ቦታ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። ከሙሳንዜ ወደ ሩባቩ ከተማ የሚወስደው መንገድ ከተዘጋ ሌላ አማራጭዎ ኮሮኮንች ነው። ከተሳሳተው ወገን የቆመ መኪና ውድድሩ አልፎ መንገዱ እስኪከፈት እዚያው ይቀራል፤ ምሳዎና የዝናብ ልብስዎ እዚያ መኪና ውስጥ ከሆነ ችግሩ የእርስዎ ነው።

በዳገቱ ላይ የሚሆነውን ቀድሞ ማወቅም ይጠቅማል። መጀመሪያ የፖሊስ ሞተሮችና የአዘጋጆቹ መኪኖች ያልፋሉ። ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው ጥርጊያውን ሞልተውት፣ እናቶች ጨቅላ አዝለው፣ ሽማግሌዎች ምርኩዝ ተደግፈው ይቆማሉ። ከዚያ ያመለጡት ሁለት ሦስት ብስክሌተኞች ብቅ ይላሉ፤ ዋናው ቡድን ይከተላል፤ የቡድን መኪኖች ጣሪያቸው ላይ ብስክሌት ጭነው ያልፋሉ፤ በመጨረሻ እግራቸው የከዳቸው ተራ በተራ ይመጣሉ። ሕዝቡ ለእነዚህ የሚያጨበጭበው ከፊተኞቹ አይተናነስም። የማጠቃለያው መኪና አልፎ ፖሊስ መንገዱን እስኪከፍት ድረስ ብስክሌትዎ ላይ አይውጡ። «ዋናው ቡድን አለፈ» ብሎ የሚወርድ ሰው ቁልቁለት ላይ ከሚከንፍ የቡድን መኪና ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል።

በዕቅዱ ላይ ሆቴል የሚቀየርባቸውን ቀናትም ይቁጠሩ። ውድድሩን ከከተማ ከተማ እየተከተሉ በየሌሊቱ ሆቴል መቀየር ሲነገር ያምራል፤ ሲኖሩት ግን ቀኑ ሻንጣ በማሰርና መኪና ውስጥ በመቀመጥ ያልቃል። ሁለት ማረፊያ ብቻ ያለው ጉዞ፣ ለምሳሌ ሙሳንዜ ሦስት ሌሊት፣ ኪጋሊ አራት ሌሊት፣ ይሻላል። ወደ ሙሳንዜ የሚመጣውንና ከዚያ ወደ ሩባቩ የሚሄደውን ውድድር ሻንጣ ሳያስሩ ማየት ይቻላል። የእያንዳንዱ ዓመት መንገድ ግን ስለሚለያይ አዘጋጆቹ የዓመቱን መስመር ይፋ ሳያደርጉ «የተረጋገጠ ዕቅድ አለኝ» የሚልን አስጎብኚ አይመኑት።

አንዳንዶች በውድድሩ ሳምንት ኮንጎ ናይል ትሬይል የሚባለውን፣ ከሩባቩ እስከ ሩሲዚ በኪቩ ሐይቅ ዳር የሚሄደውን 227 ኪሎ ሜትር መንገድ ይሸጣሉ። እጅግ ያማረ መንገድ ነው፤ በዚያ ከሄዱ ግን ውድድሩን ማየትዎን ይርሱት። ሁለቱን በአንድ ሳምንት አደርጋለሁ የሚል ወረቀት ላይ አንዱ ውሸት ነው።

4. አስጎብኚውንና መኪናውን ይመርምሩ

ድርጅቱ የኡጋንዳ ከሆነ ከኡጋንዳ ቱሪዝም ቦርድ፣ የሩዋንዳ ከሆነ ከሩዋንዳ ልማት ቦርድ ፈቃድ እንዳለው ይጠይቁ፤ የፈቃዱ ቅጂ በስልክ ፎቶ ቢላክልዎም ይበቃል። ከካምፓላ የሚነሣ መኪና ከሆነ ድንበር የሚሻገር ኢንሹራንስ፣ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚሉት፣ ሊኖረው ይገባል። አለዚያ ጉዞው የሩዋንዳ ድንበር ጋቱና ላይ ይቆማል።

ከዚያ ወደ ሰዎቹ ይለፉ። ለስንት ብስክሌተኛ ስንት የጉዞ መሪ አለ? ከስምንት ሰው በላይ በአንድ መሪ ከሆነ ፊተኛውና ኋለኛው በአንድ ዳገት ላይ ተጠፋፍተው ይቀራሉ። አንድ መሪ ከፊት፣ አንድ ከኋላ፣ መኪናው ከእነሱ በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው። መካኒክ አለ? የመጀመሪያ ዕርዳታ የሠለጠነ ማን ነው? ለምሳሌ ከኪጋሊ ርቃ ባለችው ካሮንጊ አጠገብ አንድ ሰው ቢወድቅ ወደ ኪጋሊ እንዴት ይወሰዳል? ለመጨረሻው ጥያቄ ሳያንገራግር የሚመልስ ሰው ሥራውን ያውቃል። ለራስዎም በሩዋንዳ የአምቡላንስ ቁጥር 912፣ የፖሊስ 112 መሆኑን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ።

5. ብስክሌት፦ የኪራይ ወይስ የራስ?

የራስዎ ጥሩ ብስክሌት ካለዎት ይውሰዱት፤ ሰውነትዎ የለመደው መቀመጫ ከማንኛውም ውድ ኪራይ ይበልጣል። አውቶቡስ ላይ ሲጭኑ ፔዳሉን ይፍቱ፣ መሪውን ያዙሩ፣ የኋላ ማርሹን በጨርቅና በካርቶን ይጠቅልሉ። በፕላስቲክ አይጠቅልሉ፤ ሩዋንዳ የፕላስቲክ ከረጢትን ከ2008 ጀምሮ ከልክላለች፣ ድንበር ላይ ያስፈቱዎታል። ለጭነቱ ደረሰኝ ይቀበሉ።

የሚከራዩ ከሆነ ሦስት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ ማርሹ፦ የፊት ትንሹ 34 ጥርስ፣ የኋላ ትልቁ ቢያንስ 32 ይሁን፤ ከዚያ ያነሰ ለውድድር ልጆች ነው። ሁለተኛ የጎማው ስፋት፦ 28 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ፣ ኮብልስቶንና የተቦረቦረ አስፋልት ስላለ። ሦስተኛ ፍሬኑ፦ የፊት ፍሬን በግራ እጅ ነው ወይስ በቀኝ? የእንግሊዝ ሥርዓት በተከተሉ አገሮች የፊቱ በቀኝ እጅ ይታሰራል፣ በሌሎቹ በግራ። የኪራይ ብስክሌት ላይ ሁለቱም ስለሚገኙ፣ ቁልቁለት ላይ የኋላውን መስሎዎት የፊቱን አጥብቀው ቢይዙ በመሪው ላይ ተወርውረው ይወድቃሉ። ከሆቴል ግቢ ሳይወጡ ሁለቱንም እየያዙ ይለዩ።

የመንገዱ ነገርም አለ። ኡጋንዳ በግራ ይነዳል፣ ሩዋንዳ እንደ ኢትዮጵያ በቀኝ። ካምፓላ የከረመ ሰው በመጀመሪያው ቀን አደባባይ ላይ ዓይኑ ወደ ተሳሳተው ወገን ይሄዳል፤ ስለዚህ በዚያ ቀን ከጉዞ መሪው ኋላ እንጂ ከፊት አይሁኑ።

የራስ ቁር፣ ሁለት ካላማዳሪያ፣ መንፊያ፣ ጎማ ማውጫ፣ ቀላል የዝናብ ጃኬትና የኋላ መብራት ከእርስዎ አይለዩ፤ መኪናው ውስጥ አለ ቢባሉም።

6. ወረቀትና ሰዓት

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ሩዋንዳ ሲገባ የቪዛ ክፍያ አይጠየቅም፤ ለአፍሪካ ኅብረት አገሮች ዜጎች 30 ቀን በነጻ ይሰጣል። ችግር የሚመጣው በመመለሻው ነው። ኡጋንዳ ያለዎት ቪዛ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ከጋቱና ወዲያ ማዶ ሆነው እንዳይቀሩ ከመነሣትዎ በፊት ኢሚግሬሽን ሄደው ይጠይቁ። ከአዲስ አበባ በካምፓላ በኩል የሚመጡ ከሆነ የምሥራቅ አፍሪካ የቱሪስት ቪዛ ያዋጣል፤ በ100 ዶላር ኡጋንዳን፣ ሩዋንዳንና ኬንያን ለ90 ቀን ያስኬዳል፤ የሚወጣው ግን መጀመሪያ ከሚገቡበት አገር ነው። የስደተኛ መታወቂያ ብቻውን ድንበር አያሻግርም፤ የጉዞ ሰነድ ያስፈልጋል፣ እሱም በአንድ ሳምንት አይደርስም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድዎን ከፓስፖርቱ ጋር ያኑሩ።

ሰዓቱ ብዙ ሰው ያሳስታል። ኪጋሊ ከካምፓላ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በዚያ ላይ እኛ ከንጋት ጀምረን እንቆጥራለን፤ በሉጋንዳም በኪንያሩዋንዳም ሰዉ አፍ ለአፍ ሲነጋገር እንዲሁ ከንጋት ይቆጥራል፤ ወረቀቱ ላይ ግን በፈረንጅኛው ይጻፋል። «10:00 ይነሣል» የተባለ ውድድር በእኛ አቆጣጠር የኪጋሊ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፣ ካምፓላ ላይ በተሞላ የእጅ ሰዓት ደግሞ 5 ሰዓት። ድንበሩን እንደተሻገሩ ሰዓትዎን ያስተካክሉ፤ ከአስጎብኚው ጋር ሲነጋገሩ «በኪጋሊ ሰዓት» እያሉ በጽሑፍ ይቀበሉ።

የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ በውድድሩ ሳምንት ከዋለ ጠዋቱ ኡሙጋንዳ ነው፤ ሕዝቡ ለጋራ ሥራ ስለሚወጣ እስከ 11:00 (በእኛ 5 ሰዓት) ሱቁም ትራንስፖርቱም ይቆማል። በዚያ ጠዋት ረጅም ጉዞ ያቀደ ድርጅት የአገሩን ልማድ አያውቅም።

7. ጾመኛ ከሆኑ

ይህን የፈረንጅ አስጎብኚ አይነግርዎትም። ውድድሩ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጋር ይገናኛል፤ በ2026 ጾሙ የሚገባው ፌብሩዋሪ 16 ነው፣ በ2027 ግን ማርች 8 ስለሆነ የፌብሩዋሪው ሳምንት ከዐቢዩ ጾም ነጻ ነው። ደግነቱ የሩዋንዳ ማዕድ ለጾመኛ አይከብድም። ባቄላ፣ ማቶኬ የምንለው ሙዝ፣ ስኳር ድንች፣ አቮካዶና ኢሶምቤ የተባለው የካሳቫ ቅጠል ወጥ በየቦታው አለ። ኢሶምቤ ውስጥ አንዳንዴ ሥጋ ስለሚገባ ይጠይቁ። የካምፓላው ሮሌክስ እንቁላል ስላለበት ለመንገድ ስንቅ አይሆንም፤ በሶ፣ ቆሎና ተምር ይያዙ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ የመንዳቱን ፕሮግራም ወደ ከሰዓት በኋላ የሚያዛውር አስጎብኚ ይፈልጉ፤ በባዶ ሆድ የኪጋሊን ተራራ መውጣት እንኳን ለእንግዳ ለአገሬውም አይሞከርም። የማያዛውር ከሆነ ያን ሳምንት ከተመልካቾቹ ጋር ይቁሙ።

8. ቀብድ፣ ውልና ኢንሹራንስ

ቀብዱ ከጠቅላላው ሲሶ ባይበልጥ ይመረጣል። ክፍያው በሞባይል ገንዘብ ከሆነ በድርጅቱ ስም ወደተመዘገበ ቁጥር እንጂ ወደ ግለሰብ ስልክ አይላኩ። በዶላር ከሆነ የቆዩ ኖቶችን አይያዙ፤ በሁለቱም አገሮች ብዙ ቦታ አይቀበሏቸውም።

በውሉ ላይ «ውድድሩ ቢሰረዝ ወይም መንገዱ ቢቀየር» የሚል አንቀጽ ይኑር። በ2025 የመጨረሻው ቀን ውድድር በከባድ ዝናብ ምክንያት ተቋርጧል። በዚያው ዓመት የኮንጎዋ ጎማ ከተማ በጃንዋሪ በኤም 23 አማፅያን እጅ ስትወድቅ፣ ሩባቩ ከጎማ ጋር ድንበር የምትጋራ ስለሆነች፣ ሱዳል ኩዊክ ስቴፕ የተባለው የብስክሌት ቡድን ተወዳዳሪዎቹን ሳይልክ ቀርቷል። ቡድኖች የሚቀሩበት ሁኔታ ሲመጣ እርስዎም ገንዘብዎን የሚያስመልሱበት ወይም ሩባቩን ትተው በኪጋሊ የሚቆዩበት አማራጭ አስቀድሞ ይጻፍ።

የጉዞ ኢንሹራንስ ሲገዙ ብስክሌት መንዳትን እንደሚሸፍን ጥቃቅኑን ጽሑፍ ያንብቡ፤ አንዳንዱ «አደገኛ ስፖርት» ብሎ ያወጣዋል።

ጎሪላ ማየት ከጥቅሉ ጋር ተጨምሮ ዋጋው ከተቆለለ ይነጥሉት። ከአፍሪካ ውጭ ለሚመጣ ሰው የሩዋንዳ ፈቃድ 1,500 ዶላር ነው፣ የኡጋንዳው 800። ጎሪላ የሚታይበት የኡጋንዳው ብዊንዲ ደግሞ ድንበሩ አጠገብ ካለችው ካባሌ ብዙም አይርቅም፤ ሲመለሱ መንገድዎ ላይ ነው።

በመጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት ድርጅቶችን አወዳድረው ሲወስኑ የዋጋውን ገጽ ይክደኑትና በመጀመሪያ የየቀኑን ዕቅድ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በየትኛው ዳገት፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው የመንገዱ ወገን እንደሚቆሙ የጻፈልዎት አንዱ ብቻ ከሆነ፣ መቶ ዶላር ቢወደድም ከእሱ ጋር ይሂዱ።